የልጅ ቀለብ በየትኛው መስመር ይጻፍ?



ውድ እህትና ወንድሞቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፎርም ነው። አዎ፣ ስለ ወረቀት ፎርም። ስለ ኒካሕና ስለ ፍቺ እዚህ ገጽ ላይ ብዙ ተጽፏል፤ አላህ ጸሐፊዎቹን ይመንዳቸው። ከፍቺ በኋላ ግን የስንቱ ልጅ ኑሮ የሚወሰነው "የወር ገቢ" እና "የወር ወጪ" የሚሉ ሁለት ዓምዶች ባሉት አንድ ገጽ ላይ መሆኑን ልብ ያለው ጥቂት ነው። ሁለቱን ዓምዶች በትክክል መሙላት ደግሞ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው።

የምኖረው ጉለሌ፣ ከእንጦጦ ማርያም ወረድ ብሎ ባለው ሰፈር ነው። በመስጂዳችን ኢማማችንን አግዛለሁ፣ ማታ ማታ ልጆች አስቀራለሁ። የእጅ ጽሑፌ ይነበባል ስለሚባል ከዐስር ሶላት በኋላ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይመጣል። አንዱ ከወረዳ የሴፍቲኔት ፎርም ይዞ ይመጣል፤ የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 በ11 ከተሞች ሲጀመር አዲስ አበባ አንዷ ስለነበረች ይህን ወረቀት የሰፈራችን ሰው በደንብ ያውቀዋል። ሌላው መክፈል ለማይችሉ ሰዎች ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በነጻ ይሰጣል ሲባል ሰምቶ ይመጣል። የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል ለመክሰስ ያለውን ንብረትና ገቢ ዘርዝሮ ማቅረብ ያለበትም አለ። የራሳችን የዘካ ኮሚቴም ፎርም አለው። ርእሳቸው ይለያያል እንጂ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ምን ይገባል? ምን ይወጣል? ስንት ሰው ይበላዋል?

ገቢ የሚለው ቃል ራሱ ሰው ያደናግራል። ሽሮ ሜዳ የሚሠራ ሸማኔ "ገቢህ ስንት ነው?" ሲባል የሸጠበትን ዋጋ ይናገራል። አንድ ነጠላ በ1,200 ብር ሸጠ እንበል፤ የክሩና የጥለቱ 500 ብር ከሆነ የእሱ ገቢ 700 ነው፣ 1,200 አይደለም። 1,200 ብሎ ቢጽፍ ራሱን ሀብታም አድርጎ ተመዘገበ፣ ክሩንም ወጪ ዓምድ ላይ ከቤት አስቤዛ ጋር ቀላቀለው ማለት ነው። ጥበቃ የሚሠራው ጎረቤቴ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ በእጁ የገባውን ብቻ ይጽፋል። 5,000 ብር ደመወዝ ካለው 7 በመቶው፣ ማለትም 350 ብር፣ ለጡረታ ይቆረጣል፤ ግብሩ ለብቻው ነው። ፎርሙ "ጠቅላላ ደመወዝ" ካለ ሳይቆረጥ በፊት ያለውን፣ "የተጣራ" ካለ በእጅ የገባውን ጻፉ። ዝም ካለ ሁለቱንም ጻፉና የቱ የቱ እንደሆነ አስታውቁ። ከጫካው ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ነገር ይከብዳል፤ የክረምቱና የበጋው አይገናኝም። ለእነሱ የአንድ ጥሩ ሳምንት ገቢ በአራት ተባዝቶ አይጻፍም። ደህናውንም መጥፎውንም ጊዜ ደምሮ ማካፈል ነው።

እቁብ የደረሰው ሰው ገቢ አላገኘም፤ የራሱ ቁጠባ ነው የተመለሰለት። ብድርም ገቢ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት የስታትስቲክስ ባለሙያዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ባደረጉት 17ኛ ጉባኤ የተስማሙበት የቤተሰብ ገቢና ወጪ አቆጣጠር ይህን ይለያል፤ ብድርና የራስን ንብረት ሸጦ የሚገኝ ገንዘብ ከገቢ አይቆጠሩም። በእኛም አገር የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ከ1988 ጀምሮ በየተወሰነ ዓመት የቤተሰብ ገቢ፣ ፍጆታና ወጪ ጥናት ሲያካሂድ ቆይቷል። ቤታችሁ መጠይቅ ይዞ የመጣ ሰው ካጋጠማችሁ ስንዴውንም ዘይቱንም አንድ በአንድ መጠየቁን ታስታውሳላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

አንዲት እህት አለች። ሁለት ልጆች ይዛ ከተፋታች ሦስት ዓመት ሆኗታል። እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ታስረክባለች። አባትየው ሹፌር ነው። ፍርድ ቤት ለልጆቹ በወር 3,000 ብር ቀለብ እንዲከፍል ወስኖበታል። ፎርሙን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ "የገቢ ምንጭ፦ ሌላ" በሚለው መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

"ኡስታዝ፣ እዚህ ጋ ቀለቡን ብጽፈው ከዝርዝሩ እወጣለሁ አሉኝ። ባልጽፈው ደግሞ ውሸት ነው። ምን ላድርግ?"

"ማነው ያለሽ?"

"ጎረቤቶቼ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው ይላሉ።"

"እሺ፣ 3,000ው በየወሩ ይመጣል?"

ሳቀች። የመረረ ሳቅ ነበር።

ስልኳን አውጪ አልኳትና የቴሌብር መልእክቶቿን አንድ በአንድ አየን። በስድስት ወር ውስጥ የመጣው አራት ጊዜ ነው፤ 2,000፣ 1,500፣ 2,000፣ 1,000። ድምሩ 6,500 ብር ነው። ለስድስት ወር ሲካፈል በወር 1,083 ብር ገደማ ይሆናል። የተፈረደው 18,000 ነበር። እንግዲህ ይህች ሴት 3,000 ብላ ብትጽፍ ያልበላችውን በላሁ አለች። ባዶ ብትተወው የበላችውን ደበቀች። ሁለቱም እውነት አይደለም።

የጻፍነው እንዲህ ነው፦ "የልጆች ቀለብ፦ በፍርድ የተወሰነ በወር 3,000 ብር፤ ባለፉት 6 ወራት በእጅ የገባ 6,500 ብር፣ በ4 ጊዜ፤ አማካይ በወር 1,083 ብር።" መስመሩ ጠባብ ስለነበር ከጀርባው ላይ ቀጠልን። የመልእክቶቹንም ኮፒ አያያዝን።

አንዳንዶቻችሁ "ግን ቀለብ እኮ የእናትየዋ ገቢ አይደለም፣ የልጆቹ ሐቅ ነው፤ ለምን ይጻፋል?" ትሉ ይሆናል። ሐቁስ የልጆቹ ነው፣ ልክ ናችሁ። በደረሳነቴ ወሎ ላይ ስቀራ ሚንሃጅ ውስጥ የነፈቃን ምዕራፍ ስናነብ ኡስታዛችን ደጋግመው ያስረዱን የነበረው ይህንኑ ነው። ለልጅ የሚወጣው ነፈቃ ከአባት የሚፈለግ ነው፣ መጠኑም የሚበቃው ያህል ነው፤ እናት ደግሞ በእጇ ስለገባ ብቻ ንብረቷ አይሆንም። ይሁን እንጂ ፎርሙ የሚጠይቀው የባለቤትነት ጥያቄ አይደለም። የሚጠይቀው ይህ ቤተሰብ በምን ይኖራል ነው። ልጆቹ በእናታቸው ማዕድ የሚበሉ ከሆነ፣ "የቤተሰብ ብዛት" ላይ ሦስት ብላ ከጻፈች፣ የሁለቱ አፍ ከተቆጠረ፣ የሁለቱ ቀለብም መቆጠር አለበት። ከላይ ያነሳሁት የጄኔቫው አቆጣጠርም ቀለብን ለተቀባዩ ቤተሰብ ገቢ፣ ለከፋዩ ደግሞ ከፍጆታ ውጪ የሆነ ወጪ አድርጎ ነው የሚያየው። ራሱን በቻለ መስመር ይጻፍ የምለው ለዚህ ነው። ከእንጀራው ገቢ ጋር ተደምሮ ከጠፋ የእሷ ላብ የትኛው፣ የአባትየው ግዴታ የትኛው እንደሆነ የሚለይ የለም።

ሌላም ችግር አለ። አባትየው የትልቁን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ አንዳንዴ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ይከፍላል። እሷ ወጪ ዓምድ ላይ "የትምህርት ክፍያ" ብላ አስገብታው ነበር፣ ገቢ ላይ ግን የለም። እንዲህ ሲሆን ወጪው ከገቢው ይበልጥና የሚያየው ሰው "የደበቀችው ነገር አለ" ይላል። ብዙ ሰው ተጠርጥሮ የሚመለሰው በዚህ ነው። መላው ቀላል ነው። ወይ በሁለቱም በኩል ይጻፍ፣ ወይ በሁለቱም በኩል ይቅርና ከጎኑ "በአባት በቀጥታ ይከፈላል" ተብሎ ይገለጽ። የሱቅ ዱቤም እንዲሁ ነው፤ ወጪው ከገቢ የበለጠው በዱቤ ተበልቶ ከሆነ ዕዳ ተብሎ ይጻፍ። የባለሱቁን ስም ማንም አይጠይቃችሁም።

የዘካ ኮሚቴያችን ዘንድ ይህ ነገር ክርክር አስነስቶ ነበር። አንድ አባታችን፣ አላህ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ "ቀለብ የሚቆረጥላት ሴት ሚስኪን አትባልም፤ ቆራጭ አላትና" አሉ። ሌላው "ታዲያ ቆራጩ ካልቆረጠስ?" አላቸው። ድምፅ ከፍ ከፍ አለ። ኢማማችን ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና የፊቅሁን ነጥብ አነሱ። ሚስኪን ማለት ምንም የሌለው ብቻ አይደለም። ገቢ ኖሮት ገቢው የማይበቃውም ነው። ስለዚህ ጥያቄው "ቀለብ አላት ወይ?" ሳይሆን "የሚገባው ይበቃል ወይ?" ነው። ለዚህ ደግሞ ቁጥሩ ያስፈልጋል፤ የተደበቀ ቁጥር ደግሞ አይቆጠርም። በዚያው ቀን ፎርማችን ላይ አንድ መስመር ተጨመረ፤ "የተወሰነ ቀለብ" እና "ባለፉት 6 ወራት በእጅ የገባ" የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ያሉት።

ሽማግሌው አባታችን አልተናደዱም። ያነሱትም ስጋት ባዶ አልነበረም፤ ዘካ አማና ነው፣ ሁለት ቦታ የሚበላ ሰው አንድ ቦታ እንኳ ያልበላውን ይነጥቃል። እኔም እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሞኛል፤ ከጂዳ በየወሩ የሚላክለት ሰው "ምንም የለኝም" ብሎ ሞልቶ መጥቷል።

ቢሆንም ከፎርም አሞላል በፊት የፎርም አወጣጥ ይቀድማል ብዬ አምናለሁ። የዑመር ኢብኑል ኸጣብን (ረ.ዐ) ታሪክ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። መዲና ደጃፍ የሰፈሩ ነጋዴዎችን ሌሊት ሲጠብቁ የሕፃን ለቅሶ ይሰማሉ። ሄደው እናቱን ልጅሽን አስተኚ ይሏታል። ለቅሶው አያቆምም። ኋላ ላይ፣ ማን እንደሆኑ ሳታውቅ፣ ያለ ጊዜው ጡት ልታስጥለው እየሞከረች መሆኑን ትነግራቸዋለች፤ ምክንያቱም ከበይተል ማል ድርጎ የሚመዘገበው ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ነበር። ዑመር በዚያ ፈጅር ሲያሰግዱ ከለቅሷቸው የተነሳ ቂርኣታቸው አልለይ አለ ተብሎ ይተረካል። ከዚያ ድርጎ ለተወለደ ልጅ ሁሉ እንዲመዘገብ አወጁ። እናትየዋን አልቀጡም። ያስተካከሉት የመዝገቡን ደንብ ነው።

ደንብ ሰውን ሊያሳስት እንደሚችል ሌሎችም አገሮች ያውቁታል። እንግሊዝ አገር ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን ድጎማ የምትቀበል እናት ለልጇ ከአባቱ የምታገኘው ቀለብ ድጎማዋን አይቀንስባትም። አሜሪካ ደግሞ የምግብ ድጋፉ የሚቀበሉትን ቀለብ እንደ ገቢ ይቆጥረዋል። ውጭ አገር ያላችሁ እህቶች ከአገር አገር ይለያያልና የጎረቤት ወሬ ይዛችሁ አትሙሉ፤ የፎርሙን ማብራሪያ ጠይቁ። ለእኛ ወረዳዎችና ለየመስጂዱ የዘካ ኮሚቴዎች የምለው፣ "ሌላ" የሚል አንድ ባዶ መስመር ብቻ አስቀምጦ ሰው እውነቱን እንዲጽፍ መጠበቅ አይሆንም። ከባሏ የምታገኘውን ሳንቲም ብትጽፍ ልጆቿ የሚራቡባት እናት በምን አንጀቷ ትጻፈው?

አሁን ወንዶቹን ላናግር። ይህን ገጽ ከምታነቡት መካከል ልጅ ኖሯችሁ ከእናቱ ጋር የማትኖሩ ትኖራላችሁ።

የቤተሰብ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ለቀለብ ቁርጥ ያለ ብር አላስቀመጠም። የሚታየው የተቀባዩ ችግርና የሰጪው አቅም ነው። ቀለብ ማለትም ምግብ ብቻ አይደለም፤ መጠለያው፣ ልብሱ፣ ሕክምናውና ትምህርቱ አብረው ይቆጠራሉ። ሁለታችሁ ፈቅዳችሁ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ከሄዳችሁ፣ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት የቀለብን ጉዳይ ያያሉ። የትም ሂዱ ገቢያችሁ መጠየቁ አይቀርም። እዚህ ላይ ብዙ ወንድም የደመወዙን ወረቀት ይዞ ይቀርብና የትርፍ ሰዓቱን፣ የውሎ አበሉን፣ ከሥራ በኋላ የሚሠራውን ይረሳል። በአንጻሩ እውነተኛ ወጪውን፣ የቤት ኪራዩንና አሮጊት እናቱን መጦሩን ሳይናገር የማይችለው ይፈረድበትና ከሦስት ወር በኋላ ያቋርጣል። ሁለቱም የሚጎዱት ያንኑ ልጅ ነው። ገቢ ሲቀንስ ወይም ሲጨምር ውሳኔው እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል፤ ዝም ብሎ ማቋረጥ ግን ማሻሻያ አይደለም።

ስትከፍሉ ምልክት ይኑረው። በእጅ፣ በሰው፣ "ለእናቴ ሰጥቻት ነበር" የሚባል ቀለብ ማንም ፎርም ላይ አይታይም፤ የእናንተም ላይ፣ የእሷም ላይ። በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፣ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ "የልጆች ቀለብ፣ የጥቅምት" ብላችሁ ጻፉ። በራሳችሁም ፎርም ወጪ ላይ ለብቻው አስገቡት። ግን ልጁን የቤተሰባችሁ አባል ብላችሁ ደግማችሁ አትቁጠሩት፤ የሚያድርበትና የሚበላበት ቤት ቆጥሮታል። አንድ ልጅ ሁለት ቤት እየተቆጠረ ሁለት ቤት ርዳታ ሲወጣበት አይቻለሁ፤ ልጁ ግን ጫማ አልነበረውም።

ለእህቶችም ከዚያው ከሚንሃጅ አንድ ከባድ ነጥብ ላካፍል። በሻፊዒዮች ዘንድ ለልጅ ሳይሰጥ ያለፈ ጊዜ ነፈቃ ዳኛ ካልወሰነበት፣ ወይም በአባትየው ስም መበደር ካልፈቀደ፣ ዕዳ ሆኖ አይቆይም፤ ጊዜው ካለፈ ያልፋል። "አንድ ቀን አላህ ያመጣዋል" ብላችሁ ዓመት የምትጠብቁ እህቶች ይህን ስሙ። የአቡ ሱፍያን ሚስት ሂንድ ባሏ ለእሷና ለልጆቿ የሚበቃ እንደማይሰጥ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስትናገር ዝም በይ አልተባለችም፤ የሚበቃትንና ለልጆቿ የሚበቃውን በደግ ልክ እንድትወስድ ነው የተፈቀደላት። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ስለ ልጆች የራሳቸው ገቢ አጭር ነገር ልበል። ሊስትሮ የሚሠራ ወይም ሱቅ የሚያግዝ ልጅ ያላቸው ቤቶች አሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ስለዚህ እናቶች ይፈሩና አይጽፉትም። ከጫካው ጭራሮ ለቅመው የሚኖሩ፣ የልጅ ልጃቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እማማ ከእንጦጦ ማርያም በኩል ወርደው መጥተው "ልጄ፣ እሱ የሚያመጣት ለደብተሩ ናት፤ እሷንም ልጻፍ?" ብለው ጠይቀውኛል። አባቱ የት እንዳለ አይታወቅም። የደብተሯ ሳንቲም ከምትደበቅ ይልቅ ልጁ ለምን ከትምህርት ሰዓቱ ላይ ቀንሶ እንደሚሠራ የሚጠይቅ ሰው ብትደርስ ይሻላል ብዬ፣ በእሳቸው ፈቃድ፣ ማብራሪያው ላይ ጻፍኳት።

ያቺ እንጀራ የምትጋግረው እህታችን ዘካ ኮሚቴው ዘንድ ተቀባይ ሆናለች። ከወረዳው ይህን እስክጽፍ ድረስ መልስ አልመጣም። የስድስት ወሩ ዝርዝር ግን ሌላ ሥራ ሠራ። አንዲት ጠበቃ እህታችን አይታው "ይሄማ የአፈጻጸም ማስረጃ ነው" አለቻት። ያው ወረቀት፣ ቀን በቀን፣ ብር በብር፣ ለፍርድ አፈጻጸም ችሎት ቀረበ። አባትየው በድርጅት የተቀጠረ ስለነበር ቀለቡ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲከፈላት ታዘዘ። ከደመወዝ የሚቆረጠው ድምር በአዋጁ ከወሩ ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ ስለማይችል 3,000ው አልሞላም፤ 2,600 ብር ነው በየወሩ የሚገባላት። ባለፈው ሳምንት መጥታ ፎርሙ ላይ 1,083 የሚለው ይስተካከልልኝ አለችኝ። ወረዳው ገና አላየውም፣ ማንም አልጠየቃትም። ሰርዘን፣ ከጎኑ ቀኑን ጽፈን፣ 2,600 አልን። ፈረመችበት።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከዐስር በኋላ እዚያው ነኝ። ፎርም ይዛችሁ የምትመጡ የስድስት ወር መልእክቶቻችሁን፣ የፍርድ ወረቀት ካላችሁ እሱንም፣ የዱቤ ደብተራችሁንም ያዙ። እስክሪብቶ እኔ ጋ አለ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።